ሃሎዊንን የኮረጁ ፊልሞች፦ ደብረ ማርቆስ ላይ የተጫነ የሆረር ፎልደር ሲገመገም

ከፍርዱ ልጀምር። ፍላሻችሁ ላይ ያለው ቦታ ለአንድ ፊልም ብቻ የሚበቃ ከሆነ የ1978ቱን ሃሎዊን አስጭናችሁ ውጡ፤ ምንም አይቀርባችሁም። ቦታ ከተረፈ የ1981ዱን ማይ ብለዲ ቫለንታይን ጨምሩበት። ፍራይደይ ዘ ሰርቲንዝ ወሬው ስለበዛ ብቻ አንድ ጊዜ ይታያል። ፕሮም ናይትን እለፉት። ምክንያቱን ከታች ጽፌዋለሁ፤ የቸኮለ ሰው ግን እዚህ ላይ አቁሞ ወደ ፊልም ቤቱ መሄድ ይችላል። ዓመቶቹን በፈረንጅ የጻፍኩት ፋይሎቹ ላይ የሚታየው እሱ ስለሆነ ነው።

ስላሸርን ለማያውቅ፦ ጭምብል ያጠለቀ አንድ ሰው ስለት ይዞ ወጣቶችን ተራ በተራ የሚለቅምበት የሆረር ዓይነት ነው። አብዛኛውን ጊዜ በአንድ የበዓል ቀን ይሆናል፣ ከዓመታት በፊት የተፈጸመ በደል ይኖረዋል፣ መጨረሻ ላይ አንዲት ልጅ ትተርፋለች። ነገሩ ከሃሎዊን በፊትም ነበር። የሂችኮክ ሳይኮ በ1960 ወጥቷል፣ የካናዳው ብላክ ክሪስማስ በ1974። ፕሮዲውሰሮቹን ያባነናቸው ግን ገንዘብ ነው፣ ገንዘቡ ደግሞ ከሃሎዊን መጣ። 325 ሺህ ዶላር ገደማ ወጥቶበት በዓለም ዙሪያ ወደ 70 ሚሊዮን ዶላር አስገባ። ይህን ያየ ሁሉ ቢላ ገዝቶ ካሜራ ተከራየ።

ስለ ጫኚው ቤት አስቀድሜ ልናገር፣ ምክንያቱም ፊልሙን ከማየቴ በፊት ያናደደኝ እሱ ነው። ማርቆስ ክረምት ላይ ማምሻውን የት ይኬዳል? ጮቄ ጉሙን ይለቀዋል፣ ዝናቡ አያባራም፣ መብራቱም እንደ ፈቃዱ ነው። እኔ የላፕቶፕ ባትሪዬን ቀን ሞልቼ ማታ ማታ ፊልም አያለሁ። እናም ከተማው ውስጥ ካሉት ፊልም ጫኚዎች አንዱ ዘንድ ገብቼ «ሃሎዊንንና እሱን የመሰሉትን በሙሉ» አልኩት። ልጁ ጨዋ ነው። «ጋሼ፣ አንድ በአንድ ከሚመርጡ ሆረር የሚለውን ፎልደር ሙሉውን ልጫንልዎት፣ ይቀልልዎታል» አለኝ። የጠየቀኝ ገንዘብ ከአንድ ሽሮ ዋጋ ያነሰ ስለሆነ ተስማማሁ። ቤት ገብቼ ስከፍተው ሃሎዊን የተባለው የ2007ቱ ሆነና ቁጭ አለ።

ይህን ልብ በሉ። ስሙ ሃሎዊን ብቻ የሆነ፣ ቁጥር ያልተቀጠለበት ፊልም ሦስት አለ። የ1978ቱ የጆን ካርፔንተር ነው፣ ዋናው እሱ ነው። የ2007ቱን ሮብ ዞምቢ እንደገና ሠራው። የ2018ቱ ደግሞ የመጀመሪያውን ታሪክ ከ40 ዓመት በኋላ የሚቀጥል ነው። ጫኚው «ያው ነው» ይላችኋል። ያው አይደለም። ርዝመቱን እዩ፣ የ1978ቱ 91 ደቂቃ ነው። ማይ ብለዲ ቫለንታይንም ሁለት ነው። የ2009ኙ በስሪዲ መነጽር እንዲታይ የተሠራ ስለሆነ በባዶ ዓይን ስታዩት ዕቃው ሁሉ ያለ ምክንያት ወደ ፊታችሁ ይወረወራል። ፕሮም ናይትም የ1980 እና የ2008 አለው፣ ግን እሱን ስለማላስጭናችሁ ግድ የለም።

አንድ ሌላ ነገር። ቴሌቪዥናችሁ ስዕሉን ለጥጦ ስክሪኑን ሙሉ የሚሞላ ከሆነ ያንን ነገር አጥፉት። ሃሎዊንን የቀረጸው ዲን ከንዲ በሰፊው ስክሪን ነው የቀረጸው፣ ከላይና ከታች ጥቁር ሊኖረው ይገባል። ገዳዩ ብዙ ጊዜ የሚቆመው መሀል ላይ አይደለም፣ ጥግ ላይ ነው። ጎንና ጎኑ የተቆረጠ ቅጂ ካያችሁ ፊልሙ ውስጥ ሰውየውን ራሱን ቆርጠው ጥለውት ይሆናል፤ ከዚያ «ምኑ ያስፈራል?» ትላላችሁ። እውነትም አያስፈራም፣ የለማ!

አሁን ወደ ዋናው እንግባ። ታሪኩ በአንድ ትንፋሽ ያልቃል። ማይክል ማየርስ የሚባል የ6 ዓመት ልጅ በ1963 በሃሎዊን ማታ ታላቅ እህቱን በቢላ ይገድላል። ሆስፒታል ተዘግቶበት 15 ዓመት ይቆያል። ከዚያ ያመልጥና ወደ ተወለደባት ትንሽ ከተማ ይመለሳል፣ ሎሪ የምትባል የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ላይ ዓይኑን ይጥላል። በቃ። ቀኑ ኦክቶበር 31 ነው፣ በእኛ ጥቅምት 21 ላይ ይውላል፣ የወሩ ማርያም። እኛ በጥቅምት አንድ አጥንት እያልን ሥጋ ቤት በምንሰለፍበት ሰሞን እነሱ ዱባ ጠርበው ሻማ ያበሩበታል።

ደም ፈልጋችሁ ከሆነ ብዙ አታገኙም። ከመክፈቻው ግድያ በኋላ ሰውየው ለረጅም ሰዓት ዓይናችን እያየ ማንንም ሰው አይገድልም። ዝም ብሎ ያያል። በጠራራ ፀሐይ ከተሰጣ ልብስ መሀል ቆሞ ያያል። ከአጥር ጥግ ብቅ ብሎ ያያል። ልጅቷ ክፍል ውስጥ ተቀምጣ በመስኮት ወደ ውጭ ስትመለከት ከመኪናው ኋላ ቆሞ ያያታል። አይሮጥም፣ አያወራም፣ አይቆጣም። የተዋንያኑ ዝርዝር ላይ እንኳ ጭምብል የለበሰው ገጸ ባሕርይ የተጻፈው በስሙ ሳይሆን «ቅርጽ» ተብሎ ነው።

ጭምብሉ ራሱ ታሪክ አለው። ስታር ትሬክ ላይ ካፒቴን ከርክን የሚጫወተው የዊሊያም ሻትነር ፊት ነው። ከሱቅ ከ2 ዶላር ባነሰ ዋጋ ገዝተው ነጭ ቀለም ቀቡት፣ የዓይኑን ቀዳዳ አሰፉት፣ አለቀ። ቅጠሉም እንደዚያው ነው። ታሪኩ የሚሆነው ቅጠል በሚረግፍበት በመኸር ወቅት፣ ኢሊኖይ በምትባል ብርዳም የአሜሪካ ግዛት ውስጥ ነው፤ የተቀረጸው ግን በጸደይ፣ ካሊፎርኒያ ውስጥ። ስለዚህ ቀለም የተቀባ የወረቀት ቅጠል መንገዱ ላይ ይበትናሉ፣ ቀረጻው ሲያልቅ ለቅመው ለሚቀጥለው ቀረጻ ያስቀምጡታል። ባሕር ዳር ያደገ ሰው ደግሞ ሌላ ነገር ያያል፤ ከቤቶቹ ኋላ ዘንባባ ብቅ ይላል። ኢሊኖይ ውስጥ ዘንባባ ምን ትሠራለች? እኔ ሁለተኛ ሳየው ነው ዓይኔ የገባችው፣ ከዚያ በኋላ እሷን ሳልፈልግ ማየት አልቻልኩም።

ሙዚቃውን ካርፔንተር ራሱ ነው የሠራው። ፒያኖዋ ታውቋታላችሁ፣ ፊልሙን ያላየ ሰው እንኳ ያውቃታል፣ አምስት አምስት እየቆጠረች የምትሄድ፣ ሁልጊዜ አንድ እግሯ የሚጎድል የሚመስል። እሱ ሲያወራው ፊልሙን ሙዚቃ ሳይገባበት ለአንዲት የስቱዲዮ ባለሥልጣን አሳይቷት አልፈራችም ነበር። ሙዚቃው ከገባ በኋላ ግን ሐሳቧን ቀየረች። ስለዚህ በስልክ ስፒከር አትዩት፣ አደራ። ኢርፎን እንኳ ይሻላል።

ገንዘቡን ያቀረበው ማን እንደሆነ ሳውቅ ግን በጣም ነው የገረመኝ። ሙስጠፋ አቃድ ነው። ስለ እስልምና አጀማመር የሚተርከውን ዘ ሜሴጅን በ1976 የሠራው ሶርያዊው ዳይሬክተር። ጎረቤቴ ሐጂ ያንን ፊልም ስንት ጊዜ እንዳዩት አላህ ነው የሚያውቀው፤ የዚህንም ባለቤት እሱ ነው ብላቸው አያምኑኝም።

እኔን ግን ከሁሉ በላይ የያዘኝ አንድ ቦታ ነው። መጨረሻው አካባቢ ሎሪ ከገዳዩ አምልጣ ወደ ጎረቤት ትሮጣለች። በሩን ትደበድባለች፣ ትጮኻለች። መብራት ይበራል። አንድ ሰው በመስኮት ያያታል። ከዚያ መብራቱ ይጠፋል። በቃ፣ ይኼው ነው፣ ከጥቂት ሰከንድ አይበልጥም። እኛ ጋ ኡኡታ ከተሰማ ሰፈሩ በሙሉ ዱላ ይዞ ይወጣል፤ ሌባ ይሁን፣ ጅብ ይሁን፣ ባልና ሚስት ይሁኑ ሳያጣራ ነው የሚወጣው። በሌሊት ኡኡ ብለህ የሚወጣልህ የለም ማለት ለጎጃም ሰው ከቢላው በላይ ነው። ካርፔንተር ያንን ያወቀበት ይመስለኛል። ፊልሙ የሚሆነው ጫካ ውስጥ አይደለም፣ በረሃ ውስጥ አይደለም። መብራት ያለበት፣ ሣሩ የታጨደ፣ ሕፃናት ከረሜላ የሚለምኑበት ሰፈር መሀል ነው። ሰው ሞልቶ ማንም የለም።

የኮረጁት ሁሉ የተዉት ይህንን ነው። ጭምብሉን ወሰዱ፣ ቢላውን ወሰዱ፣ የበዓሉን ቀን ወሰዱ፣ የምትተርፈውን ልጅ ወሰዱ። ሰፈሩን ተዉት። ጫካ ገቡ፣ ባቡር ላይ ወጡ፣ ትምህርት ቤት ዘጉ። ሰው በሌለበት ቦታ ማስፈራራት ደግሞ ቀላል ነው።

መኮረጁን ራሱን ግን አልነቅፍም። የዋሸራና የዲማ አገር ልጅ ሆኜ እንዴት እነቅፋለሁ? ጉባኤ ቃና ሁለት ቤት ነው፣ ልኩን ማንም አይነካውም፣ ሺህ ተማሪ በአንድ ልክ ይቀኛል። ልኩን ስለወሰደ ማንም ሌባ አይለውም። የትናንቱን ቅኔ ዛሬ ደግሞ ይዞ የመጣ ጊዜ ነው የሚሳቅበት። ካርፔንተርም ቢሆን ከሰማይ አላወረደውም። ፊልሙ ላይ ዶክተሩን ሳም ሉሚስ ያለው ከሳይኮ ገጸ ባሕርይ ስሙን ወስዶ ነው፤ ሎሪን የምትጫወተው ጄሚ ሊ ከርቲስ ደግሞ ሳይኮ ላይ ሻወር ውስጥ የተገደለችው የጃኔት ሊ ልጅ ናት። ተበዳሪ ነው፣ ግን በተበደረው የራሱን ሠራበት።

ፍራይደይ ዘ ሰርቲንዝ ወደሚባለው እንምጣ፣ 1980። ይህን የሠራው ሾን ካኒንግሃም ስክሪፕቱ ሳያልቅ የፊልሙን ስም በትልቁ አስጽፎ ቫራይቲ በሚባለው የፊልም ሰዎች ጋዜጣ ላይ ማስታወቂያ አወጣ። ጸሐፊው ቪክተር ሚለርም የሃሎዊንን ስኬት ተከትለው እንደሄዱ አልደበቀም። ቢያንስ ሐቀኞች ናቸው። 550 ሺህ ዶላር ገደማ ወጣበት፣ አሜሪካ ውስጥ ብቻ ወደ 40 ሚሊዮን አስገባ። ስሙ ዓርብ 13 ማለት ነው፤ ዓርብ ቀን 13 ሲውል ፈረንጅ ይፈራል፤ እኛ ዓርብን እንጾመዋለን፣ 13ኛ ወራችንን ደግሞ ቱሪስት እንጠራበታለን። ስለዚህ ስሙ ከወዲሁ አልያዘኝም።

አንድ ነገር ላርም። ፊልም ቤቱ ግድግዳ ላይ የዚህ ፊልም ፖስተር ተብሎ የተለጠፈው የሆኪ ጭምብል ያደረገ ሰውዬ ነው። እሱ ጄሰን ነው፣ የመጀመሪያው ፊልም ላይ ግን ገዳዩ እሱ አይደለም። ሁለተኛው ላይ ሲመጣ ራሱን በጨርቅ ሸፍኖ ነው፣ የሆኪ ጭምብሉን ያገኘው በሦስተኛው፣ በ1982 ነው። መጨረሻውን የማትፈልጉ ይህን አንቀጽና የሚቀጥለውን ዝለሉ። የመጀመሪያው ፊልም ገዳይ እናቱ ናት። ልጇ ወጣቶች በሚዝናኑበት የካምፕ ሐይቅ ውስጥ ሰጥሟል፣ ሊጠብቁት የሚገባቸው ጎረምሶች ሌላ ነገር ላይ ነበሩ። ካምፑ እንደገና ሊከፈት ሲል እሷ ትመጣለች።

ፊልሙ መጨረሻው ላይ ሲደርስ አክስቴ እቴቴ ቡና ልታፈላ ወደ ክፍሉ ገብታ ነበር። ምን እንደሆነ አስረዳኋት። ጥቂት አየችና «አንተ ልጅ፣ እሷ ምን ታድርግ! ልጇን ውኃ በልቶባት!» አለች። ሌላው ሁሉ ሰው መታረዱ ቁብ አልሰጣትም። እኔም ሳስበው ፊልሙ ውስጥ ያለችው ብቸኛ እውነተኛ ሰው ያቺ እናት ናት፣ የምታሳዝነው ሐዘንተኛ። ግን የምትመጣው ሊያልቅ ሲል ነው። ከዚያ በፊት ያለው ሁሉ ካሜራው ከዛፍ ኋላ ሆኖ ጎረምሶችን ያያል፣ አንዱ ብቻውን ይወጣል፣ ይሞታል። ሌላው ይወጣል፣ ይሞታል። የሚሞቱት ስማቸው እንኳ አይያዝም። (ኬቨን ቤከን አንዱ ነው፣ እሱን ብቻ ታስታውሳላችሁ፣ አልጋ ላይ ተኝቶ ሳለ ከሥር በሚመጣው ነገር።) የግድያውን ማታለያ የሠራው ቶም ሳቪኒ ነው፣ በእጁ የተካነ ሰው ነው፣ እሱን አልነካም። ቆዳውና ደሙ አሁን ካለው ኮምፒውተር ከሚሠራው በላይ ያሳምናል። ለእሱ ሲባል ነው አንድ ጊዜ ይታያል ያልኩት።

በአማርኛ የተተረጎመውን ቅጂም ጭኖልኝ ነበር። ተርጓሚው እንደምታውቁት ዝም ማለት አይወድም። ሰው መንገድ ላይ ሲሄድ «ወይኔ፣ አሁን መጣልሽ! አትዙሪ፣ አትዙሪ!» ይላል። ለፍራይደይ ዘ ሰርቲንዝ ይህ በጎ ነው፣ ፊልሙ የተወውን ባዶ ይሞላለታል፣ እንዲያውም ከዋናው የትርጉሙ ተሻለኝ። ሃሎዊንን ግን በትርጉም አትዩት፣ በፍጹም። የሃሎዊን ግማሹ ዝምታ ነው፤ በዚያ ላይ ሰው ካወራበት ምንም አይቀርም። ንግግሩም ጥቂት ነው፣ እንግሊዝኛ ባትችሉም ይገባችኋል።

ፕሮም ናይት። 1980፣ ካናዳ። ሕፃናት ሆነው በተጫወቱት ጨዋታ አንዲት ልጅ ትሞታለች፣ ከ6 ዓመት በኋላ በትምህርት ቤቱ የዳንስ ማታ አንድ ሰው ሊበቀል ይመጣል። ጄሚ ሊ ከርቲስን ከሃሎዊን ወስደው አስገቧት፣ እሷም አንድ ረጅም የዲስኮ ዳንስ ደነሰች። ከዳንሱ በኋላ ምን እንደሆነ አሁን ስጽፍ ራሱ እየጠፋኝ ነው። አባቷን የሚጫወተው ሌስሊ ኒልሰን ነው፣ ኋላ በኮሜዲ የታወቀው፣ እና ቆፍጠን ብሎ ሲያወራ ሳቄ መጣ፤ ጥፋቱ የእሱ አይደለም። ፊልሙ ከግማሽ በላይ ሲሄድ ምንም አይሆንም። ሃሎዊንም ለረጅም ሰዓት ምንም አያደርግም ትሉኝ ይሆናል። ልክ ነው፣ ግን ያንን ስታዩ ሰውየው የት እንደቆመ ትፈልጋላችሁ፤ ይህንን ስታዩ ስልካችሁን ትፈልጋላችሁ።

ቴረር ትሬንም የዚያው ዓመት ነው፣ ጄሚ ሊም እዚያ አለች፣ አሁን ደግሞ ባቡር ላይ። ተማሪዎች የአዲስ ዓመት ዋዜማን የተለያየ ልብስና ጭምብል አድርገው ባቡር ተከራይተው ያከብራሉ፣ ገዳዩ የገደለውን ሰው ልብስ እያጠለቀ መሀላቸው ይዘዋወራል። ይህቺ ሐሳብ ጎበዝ ናት። ካሜራው ላይ ያለው ጆን አልኮት ነው፣ በ70ዎቹ በካሜራ ሥራው ኦስካር የበላ ሰው፣ የባቡሩ መብራት ቀለም ብቻውን ያስቀምጣችኋል። ዴቪድ ኮፐርፊልድም አስማተኛ ሆኖ ይታያል፣ ወጣት ሳለ። እኔ ጋ ያለው ፋይል ግን ባቡሩ ሳይቆም ቆመ። የመጨረሻው ክፍል የለውም። ስለዚህ ሙሉ ፍርድ አልሰጥም፤ እስካየሁት ድረስ ከፕሮም ናይት በብዙ ይሻላል።

ማይ ብለዲ ቫለንታይን ላይ ትንሽ ልቆይ። 1981፣ ይህም ካናዳ ነው፣ ዳይሬክተሩ ጆርጅ ሚሃልካ። ከስሙ ብቻ ኩረጃ መሆኑ ያስታውቃል፤ ሃሎዊን ተወሰደ፣ ገና ተወሰደ፣ ስለዚህ የፍቅረኞች ቀን ቀረ። ፌብሩዋሪ 14፣ በእኛ የካቲት 7። የፍቅር ቀን እንኳ ቢሉን እኛ ጥምቀት ላይ ሎሚ መወርወር ነው የምናውቀው፣ ቸኮሌት ሳጥን ውስጥ የሰው ልብ አሽጎ መላክ ገና አልደረሰንም። እዚህ ፊልም ላይ ይላካል።

ታሪኩ ቫለንታይን ብላፍስ በምትባል የከሰል ማዕድን ከተማ ነው። ከ20 ዓመት በፊት የማዕድኑ ኃላፊዎች ወደ ዳንሱ ለመሄድ ቸኩለው ጋዙን ሳይፈትሹ ወጡ። ፈንድቶ ሠራተኞቹ ተቀበሩ። አንዱ ብቻ ወጣ፣ ሃሪ ዋርደን፣ እንዴት እንደቆየ አልናገርም። በዓመቱ ኃላፊዎቹን ገደለና ዳግመኛ ዳንስ እንዳይደረግ አስጠነቀቀ። አሁን የከተማው ወጣቶች ዳንሱን ሊመልሱት ነው፣ የጋዝ ጭምብል ያደረገና ዶማ የያዘ ማዕድን ቆፋሪም ተመልሷል።

ይህን ከሌሎቹ የሚለየው ሰዎቹ ሥራ ያላቸው መሆኑ ነው። ቀላል ነገር ይመስላል። የሌሎቹ ስላሸሮች ወጣቶች የሚኖሩት ለመሞት ብቻ ነው፤ እነዚህ ግን ከጉድጓድ ይወጣሉ፣ ይታጠባሉ፣ ቢራ ይጠጣሉ፣ በአንዲት ልጅ ይጣላሉ፣ ከከተማው ወጥቶ ሳይሳካለት የተመለሰውን ልጅ ጎሸም ያደርጉታል። ሁሉም ይተዋወቃል። መጠጥ ቤት የሚሠራው ሽማግሌ የድሮውን ታሪክ እያነሳ ያስፈራራቸዋል፣ እነሱ ይስቁበታል። ፍኖተ ሰላም ወይም ቡሬ አንድ ግሮሰሪ ውስጥ ብትቀመጡ ይህንኑ ሽማግሌ ታገኙታላችሁ፣ ታሪኩ ብቻ ነው የሚለየው። በደሉም የከተማው የራሱ ነው፤ ከጫካ የመጣ እብድ አይደለም፣ ኃላፊዎች ሥራቸውን ጥለው ስለሄዱ የሞቱ ሠራተኞች ናቸው። ሃሎዊን ላይ ጎረቤት መብራቱን ያጠፋል፣ እዚህ ደግሞ ሰዎቹን መሬት ውስጥ ትተዋቸው ወደ ዳንስ ይሄዳሉ። ከኮረጁት ሁሉ ሰፈሩን የመለሰው ይኼ ብቻ ነው።

የተቀረጸውም እውነተኛ ጉድጓድ ውስጥ ነው፣ ኖቫ ስኮሺያ ያለ የከሰል ማዕድን። ከመሬት በታች ጋዝ ስላለ እንደልብ መብራት ማብራት አይቻልም ነበር፣ የቆፋሪዎቹ የራስ ቆብ መብራት ብቻ የሚታይባቸው ትዕይንቶች አሉ፣ ያ ጨለማ ታስቦ የተሠራ አይመስልም፣ እውነትም ጨለማ ስለሆነ ነው። አንድ የሚያስቅ ነገርም አለ፤ የአካባቢው ሰዎች ፊልም ሊቀረጽባቸው መሆኑን ሲሰሙ ጉድጓዱን አጽድተው፣ አሳምረው ጠበቋቸው፣ ቀራጮቹም ገንዘብ አውጥተው እንደገና አቆሸሹት። እንግዳ ሲመጣ ቤት መጥረግ እኛ ጋ ብቻ ይመስለኝ ነበር።

ጉድለቱን ደግሞ ልናገር። ሳንሱሩ ብዙ ቆርጦታል፣ ግድያዎቹ ላይ ድንገት ሲዘል ይታወቃችኋል። በ2009 የተቆረጠው በከፊል ተመልሶለት የወጣ ቅጂ አለ፣ ብታገኙ እሱን። ትወናው እንደነገሩ ነው። ሁለቱን ወንዶች መጀመሪያ ላይ መለየት አቃተኝ። መጨረሻው ላይ የሚዘፈነው ዘፈን ግን፣ ስለ ገዳዩ እንደ ባላድ የሚያንጎራጉር፣ ምንም ያልጠበቅኩት ነበር፣ ስሙ እስኪወርድ ተቀምጬ ሰማሁት።

ስክሪምን የምትጠብቁ ካላችሁ፦ 1996፣ ዌስ ክሬቨን፣ ፎልደሩ ውስጥ አለ። እሱ ኩረጃውን አውቆ የሚያወራ ፊልም ነው። ልጆቹ ቤት ተሰብስበው ሃሎዊንን ራሱን በቴሌቪዥን ያያሉ። መክፈቻው ላይ ገዳዩ በስልክ ጥያቄ ይጠይቃል፣ ፍራይደይ ዘ ሰርቲንዝ ላይ ገዳዩ ማን ነው ብሎ፣ እና ልጅቷ ጄሰን ብላ ትሳሳታለች። ግድግዳው ላይ የሆኪ ጭምብል የለጠፈው ጫኚያችን እዚያ ቢሆን አለቀለት ማለት ነው። ከእሱ ኋላ ደግሞ እሱን የኮረጁ መጡ፣ አይ ኖው ዋት ዩ ዲድ ላስት ሰመር በ1997፣ ኧርባን ሌጀንድ በ1998። የመጀመሪያውን የጻፈው ራሱ የስክሪም ጸሐፊ ኬቨን ዊሊያምሰን ነው፣ ስለዚህ ራሱን ኮረጀ ልንል ነው። ሁለቱም ላይ ያሉት ፊታቸው የታጠበ፣ የሚያማምሩ ልጆች ናቸው። ምግብ እየበላችሁ ማየት ይቻላል።

ስለ ቤቱ አገልግሎት፦ ፍጥነቱ ጥሩ ነው፣ ፍላሽ ቫይረስ አልያዘብኝም፣ ልጁ ሰው አክባሪ ነው፣ ወረፋ ሲበዛ ወንበር ይስባል። ፎልደሩ ግን ቅጥ የለውም። የትርጉሙና ዋናው ተደባልቋል፣ ዓመት አልተጻፈም፣ ከመሀል አንድ የሕንድ ፊልም ወጣ፣ ደግሞም አስፈሪ አልነበረም። ፎልደር በሙሉ አትግዙ፣ እዚያው ቆማችሁ ስሙንና ዓመቱን ተናገሩ፣ መጨረሻው መኖሩን ወደፊት ገፋ አድርጋችሁ ካያችሁ በኋላ ክፈሉ። ይቆጣ ይሆን ብላችሁ አትፈሩ፣ አይቆጣም።

ቴረር ትሬንን ከነመጨረሻው አግኝቶ በነፃ ሊተካልኝ ቃል ገብቷል። «ጋሼ፣ ከባሕር ዳር ሃርድ ዲስክ እየመጣልኝ ነው፣ እደውልልዎታለሁ» ብሎ ቁጥሬን ወሰደ። እስካሁን አልደወለም።